የፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በገጠር፦ ጥንቃቄ የተሞላበት አወሳሰድና የማዕድ ጥያቄ

መግቢያ

ሳይኮሲስ አንድ ሰው በእውን ያለውን ከሌለው ለመለየት የሚሳነው የአእምሮ ሁኔታ ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቶቹ ሊገድሉት እንደሚያሤሩ ያለ ማስረጃ ያምናል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ እንቅልፉ ይጠፋል፤ ከሰው ይርቃል። ይህ ሁኔታ በስኪዞፍሬንያ፣ በባይፖላርና በከባድ ድብርት ሕመሞች ላይ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በርካታ መድኃኒቶች ተከትለዋል። በአገራችን በብዛት የሚታወቁት ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት ናቸው።

እነዚህ መድኃኒቶች በትክክል ሲወሰዱ ብዙ ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ትዳሩና ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። ይሁን እንጂ እንደ ታች ጋይንት ወረዳዋ አርብ ገበያ ባሉ፣ የእርሻ መሬቱ በተራቆተበትና ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚታገዝበት አካባቢ፣ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰድ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። የማዕዱ፣ የጾሙ፣ የጸበሉ፣ የመንገዱና የጉልበት ሥራው ነገር አብሮ መታየት ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች በዋነኛነት ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ የሚያስተላልፈውን መልእክት ይቀንሳሉ። ቁጣውና የእንቅልፍ እጦቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊረግብ ይችላል። ድምፁና የተሳሳተው እምነት ግን ለመቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ «ሦስት ቀን ወሰደው፣ ለውጥ የለም» ብሎ መተው ስሕተት ነው።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን «ዳነ» ብሎ ማቆም ነው። መድኃኒቱ ሕመሙን ይቆጣጠራል እንጂ እንደ ወባ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥሩ አይነቅልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንተና 65 ጥናቶችንና ወደ 6500 የሚጠጉ የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎችን አጠቃልሎ ነበር። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው፣ መድኃኒቱን ከቀጠሉት መካከል ከመቶ 27 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው መካከል ግን ከመቶ 64 ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የመጀመሪያው ሕመም ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ ለ12 ወራት መድኃኒቱ እንዲቀጥል ይመክራል። መቀነስም ሆነ ማቆም የሚገባው በባለሙያ ክትትል፣ ቀስ በቀስ ነው።

መድኃኒትና ማዕድ

በደቡብ ኢትዮጵያ በቡታጅራና አካባቢው ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ የቆየው የከባድ አእምሮ ሕመም ጥናት ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ ጥናት፣ የስኪዞፍሬንያ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎቻቸውና የጤና ባለሙያዎች መድኃኒት ለምን እንደሚቋረጥ ተጠይቀው ነበር። በብዛት ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን የምግብ ፍላጎት የሚያስታግሥ በቂ ምግብ በቤት አለመኖሩ ነበር። በባለጸጋ አገሮች የምግብ ፍላጎት መጨመር የውፍረት ችግር ሆኖ ሲታይ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ግን የረሃብ ችግር ሆኖ ይመጣል። አንድ እንጀራ ለአራት በሚካፈልበት ቤት፣ ታካሚው «አልጠገብሁም» ባለ ቁጥር የእናትየው ወይም የልጆቹ ድርሻ ይቀንሳል። ይህን የሚያይ ታካሚ መድኃኒቱን በዝምታ መተዉ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

መፍትሔው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ታካሚውና አስታማሚው ረሃቡን ሳያፍሩ ለባለሙያው መናገር ይገባቸዋል። የምግብ ፍላጎትን በመጨመር ረገድ መድኃኒቶቹ እኩል አይደሉም። ኦላንዛፒንና ክሎርፕሮማዚን በብዙ ሰው ላይ ፍላጎቱን አጥብቀው ሲቀሰቅሱ፣ ሃሎፔሪዶል በአንጻሩ በዚህ ረገድ ይቀላል። ስለዚህ ባለሙያው የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም መጠን መለወጥ ይችል ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «ብርቱ መድኃኒት ብርቱ ምግብ ይፈልጋል፤ ምግብ ከሌለ መድኃኒቱ ይጎዳል» የሚለው እምነት መታረም አለበት። ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰዱ ይችላሉ። እራት የጠፋበት ምሽት የመድኃኒቱ መተዊያ ምክንያት መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ የጤና ባለሙያው በየቀጠሮው «በቤት ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በሕመሙ ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው በሴፍቲኔት ፕሮግራም የቀጥተኛ ድጋፍ ተጠቃሚ እንዲሆን እንዲታይለት፣ ለቀበሌው የሚቀርብ የሕክምና ማስረጃ መጻፍ ከመድኃኒት ማዘዣው የማይተናነስ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

የዕለት አወሳሰድ

መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። አብዛኞቹ የሚዋጡት መድኃኒቶች እንቅልፍ ስለሚጋብዙ፣ ባለሙያው ከፈቀደ በቀን አንድ ጊዜ ማታ መውሰድ ይመረጣል። ይህም ለአራሽ ጠቃሚ ነው፤ በማለዳ በሬ ጠምዶ ገደል ጥግ የሚያርስ ሰው ሊያንቀላፋ አይገባውም። ሌሊት ወይም ጠዋት ከመኝታ በድንገት መነሣትም የደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ ሊጥል ስለሚችል፣ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መቆም ይገባል።

አንድ ጊዜ የተረሳ መድኃኒት በዚያው ቀን ሲታወስ ይወሰዳል። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን መተው እንጂ በእጥፍ መዋጥ አይገባም። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ የመድኃኒቱን ማደንዘዝ ያባብሳሉ። ጫት ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስና የመድኃኒቱን ሥራ ሊያፈርስ ይችላል። በባህል ሐኪም የተሰጠ ሥር ወይም ቅጠል ካለም ሳይደብቁ ለባለሙያው መግለጽ ይገባል።

ጾምና ጸበል

በጋይንትና በአካባቢው አጽዋማትን የማይጠብቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጠዋት የሚወሰድ ክኒን ጾም ያስፈርሳል በሚል ስጋት ሕክምናውን በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ የሚያቋርጡ አሉ። እዚህ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ማታ እንዲዛወር ባለሙያውን መጠየቅ፣ የንስሐ አባትንም ማማከር ይበቃል። የታመመ ሰው ጾሙ እንደ አቅሙ እንዲሆን ማድረግ ለካህናት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጸበልም እንዲሁ ነው። በርካታ ታማሚዎች ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት ወይም በሕክምና ላይ ሳሉ ጸበል ይጠመቃሉ። ችግር የሚመጣው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ግዴታ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ምእመናን ጸበሉንና የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም በአዲስ አበባ በጸበል አጥማቂዎችና በአእምሮ ሐኪሞች መካከል የተደረገ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ቀርቧል። ስለዚህ ወደ ጸበል የሚሄድ ታካሚ መድኃኒቱን ቋጥሮ ሊሄድ፣ አስታማሚውም ለአጥማቂው ሊነግር ይገባል። ለብዙ ቀናት ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት ግን ለዚህ ታካሚ አደገኛ መሆኑ መታወቅ አለበት።

የጎንዮሽ ጉዳቶችና አሳሳች ገጽታቸው

የእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንድ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሌላ ነገር መስለው ስለሚታዩ፣ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቃቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ድንገተኛ የጡንቻ መኮማተር ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም በተጨመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ይጠመዘዛል፤ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፤ መንጋጋና ምላስ ይታሰራሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «መንፈሱ ጮኸ» ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ነገር ግን ይህ የመድኃኒቱ ውጤት ነው፤ በጤና ተቋም በሚሰጥ ማርከሻ በአጭር ጊዜ ይለቃል።

ሁለተኛው ውስጣዊ መቁነጥነጥ ነው። ታካሚው መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይመላለሳል፤ እግሩን ያፈራርቃል፤ ይጨነቃል። ይህ ሕመሙ የባሰ መስሎ መድኃኒቱ ከተጨመረ ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ መቁነጥነጡ የጀመረው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የሰውነት መገተር፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃ ማጠርና የለሃጭ መዝረብረብ ነው። ለዚህም ትራይሄክሲፌኒዲልን የመሰለ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል፤ ይሁንና ያለ ትእዛዝ መጨመር ወይም ከሌላ ታካሚ መዋስ አይገባም። ከወራትና ከዓመታት በኋላ ምላስ፣ ከንፈርና መንጋጋ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ ከጀመሩ ሳይዘገዩ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ይህ ጉዳት ሥር ከሰደደ ላይመለስ ይችላልና።

በሴቶች ላይ የወር አበባ ሊቋረጥና ከጡት ወተት ሊወጣ ይችላል። ይህም እርግዝና ወይም መካንነት እየመሰለ ጭንቀት ይፈጥራል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለመጸነስ ያሰበች ሴት መድኃኒቱን በራሷ ከማቋረጥ ይልቅ ቶሎ ማማከር ይጠቅማታል። ክብደት፣ የደም ግፊትና የደም ስኳር በየጊዜው መለካታቸውም የሕክምናው አካል ነው።

ከሁሉ አስቸኳይ የሆነው ግን ትኩሳት ከከባድ የሰውነት መገተር፣ ከብዙ ላብና ከአእምሮ መሳት ጋር ሲመጣ ነው። ይህ ብርቅ ቢሆንም ገዳይ ሊሆን የሚችል የመድኃኒቱ ጉዳት ነው። በቆላ አካባቢ ወባ ነው ተብሎ በቤት ሊታለፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው የሚቀጥለውን መድኃኒት ሳይወስድ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ለወባም እዚያው ይመረመራል።

ፀሐይ፣ ቆላና የወቅት ሥራ

ክሎርፕሮማዚን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። በአጨዳና በውቂያ ወራት ባርኔጣ ማድረግ ወይም ነጠላ መከናነብ ከቃጠሎ ያድናል። ከዚህ የሚከብደው ሙቀት ነው። ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች፣ በተለይም ከትራይሄክሲፌኒዲል ጋር ሲወሰዱ፣ ሰውነት ሙቀቱን የሚቆጣጠርበትንና የሚያልብበትን ሥርዓት ያዳክማሉ። ከጎንደር ደጋ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ወደዚያ የሚወርድ ከሆነ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር፣ ለቆይታው የሚበቃ መድኃኒት መያዝ፣ ውኃ አዘውትሮ መጠጣትና በቀትር ማረፍ ያስፈልገዋል። ጉዞው ከሕመሙ ማገርሸት ወይም ከመድኃኒት መቋረጥ ጋር የሚገጥም ከሆነ መቅረቱ ይሻላል።

ቀጠሮና መንገድ

ቀጠሮው በገበያ ቀን ቢሆን ታካሚው ከጎረቤቶቹ ጋር መጥቶ ሊመለስ ይችላል። በየ2 እስከ 4 ሳምንት የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌም በየቀኑ ክኒን መዋጥ ለሚቸገር ሰው እፎይታ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ አእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ማለት በደብረ ታቦር ወይም በጎንደር ሕክምናውን የጀመረ ሰው፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ክትትሉን በአቅራቢያው ማግኘት ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘልቆ ነበር። በ2023 በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገዶችን ደጋግሞ ዘግቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት መድኃኒቱ እስኪያልቅ አለመጠበቅ ነው። የሳምንት ያህል ሲቀር መሄድ፣ የታዘዘውን የመድኃኒት ስምና መጠን በወረቀት ጽፎ በቤት ማስቀመጥ፣ መድኃኒቱ ከጠፋም በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ተቋም ወረቀቱን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

የቤተሰብ ድርሻ

መድኃኒቱን በምግብ ወይም በቡና ውስጥ ደብቆ መስጠት የጎንዮሽ ጉዳቱን እንዳይናገር ከማድረጉም በላይ፣ ሲታወቅ የታማሚውን ጥርጣሬ ያጸናል። በሰንሰለት ማሰርም ሕክምና አይደለም። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ታካሚ ካለ፣ መድኃኒቱን ቤተሰብ ቢይዝለትና በጥቂት በጥቂቱ ቢሰጠው ይመረጣል፤ ከሕፃናት እጅም መራቅ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

በቡታጅራ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ 121 ታካሚዎች በዚያ ጊዜ ውስጥ መሞታቸውንና ከሌላው ሕዝብ ወደ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ማለፋቸውን አሳይቷል። ከሞቱት መካከል ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። ስለዚህ መድኃኒትን በጥንቃቄ መውሰድ ማለት ክኒኑን በሰዓቱ መዋጥ ብቻ አይደለም። ሰውየው በልቶ ማደሩን፣ ሲተኩሰው መታየቱን፣ ጾሙንና ጸበሉን ከሕክምናው ጋር ማስማማቱን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ያለ ፍርሃት መናገሩንም ይጨምራል። ይህን የሚጠይቅ ባለሙያና ይህን የሚያስተውል ቤተሰብ ያገኘ ታካሚ መድኃኒቱን ላለመተው የተሻለ ዕድል ይኖረዋል።