ደም ስለ ትምባሆ እንዴት እንደሚመሰክር

ትምባሆ የሚጠጣ ሰው ጢሱ ከአፉ ወጥቶ በነፋስ ሲበተን አይቶ ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ጢሱ ቢጠፋም ምልክቱ በደም ውስጥ ይቀራል። ይኸውም በጠጪው ደም ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ አየር በተነፈሰው ሕፃን ደምም ይገኛል። ሐኪሞች ይህን በምን እንደሚያውቁት መምህራንና የአገር ሽማግሌዎች ይረዱት ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ሱስ የሚያስይዝ መርዝ አለ። ይህንንም በ1828 በአውሮፓ አቆጣጠር በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ ፖሴልትና ራይማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ከቅጠሉ ለይተው አወጡት። ጢሱ ወደ ሳንባ ሲገባ ኒኮቲኑ ወደ ደም ያልፋል፤ ነገር ግን በ2 ሰዓት ያህል እኩሌታው ስለሚጠፋ በማግስቱ እርሱን ራሱን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉበት ግን አብዛኛውን ኒኮቲን ኮቲኒን ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል። የኮቲኒን እኩሌታ እስኪጠፋ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ያለፉትን ጥቂት ቀኖች ነገር ይናገራል። መርማሪዎችም ከክንድ ደም ሥር ጥቂት ደም ቀድተው ቀዩን ከውሃማው ክፍል ይለያሉ፤ በውሃማውም ውስጥ ያለውን ኮቲኒን በረቂቅ መሣሪያ ይለካሉ። መለኪያው ናኖግራም ይባላል፤ ይህም 1 ግራም ለ1 ሺህ ሚልዮን ቢከፈል አንዱ እጅ ነው። ዘወትር የሚጠጣ ሰው በ1 ሚሊሊትር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ100 ናኖግራም በላይ ይገኝበታል፤ የሌላውን ጢስ ብቻ የተነፈሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ነው።

በአሜሪካ አገር ከ1988 እስከ 1991 በአውሮፓ አቆጣጠር በተደረገ ምርመራ፣ ትምባሆ ከማይጠጡት ሰዎች ከ100ው 88 ያህሉ ኮቲኒን በደማቸው ተገኘ። ከዚያ በኋላ በሥራ ቦታና በምግብ ቤት ማጨስን የሚከለክል ሕግ እየበዛ ሄደ፤ የሚያጨሰውም ሰው ቍጥር አነሰ። በ2011 እና በ2012 በአውሮፓ አቆጣጠር በተመረመረ ጊዜ ቍጥሩ ወደ 25 ያህል ወርዶ ነበር። ጢሱ ከቤት ሲወጣ ከደምም እንደሚወጣ ከዚህ ይታወቃል።

ሆኖም ይህ ምስክር ወሰን አለው። ከብዙ ሳምንት በፊት የተወውን ሰው ያለፈ ታሪክ አያውቅም። ሲጃራም ይሁን ጋያ ወይም ሱረት፣ ሱስን ለመተው ሐኪም የሚሰጠው የኒኮቲን መድኃኒትም ቢሆን፣ ሁሉም ያንኑ ኮቲኒን ስለሚያስገኙ ከየት እንደ መጣ ለይቶ አይናገርም። የማገዶ ጢስ ግን ምንም እንኳ ለሳንባ ጎጂ ቢሆን ኮቲኒንን አያመጣም፤ ስለዚህ በምድጃ አጠገብ የሚውል ሰው በዚህ ምርመራ ትምባሆ ጠጪ ተብሎ አይሳሳትም።

እንግዲህ መምህር የተማሪው ልብስ ትምባሆ ትምባሆ ቢሸተው ልጁን በጓደኞቹ ፊት ጠጥተሃል ብሎ ሊያሳፍረው አይገባም። ጢሱ የአባቱ ወይም የአያቱ ሊሆን ይችላልና። ይልቁንም ወላጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ በትሕትና ያስረዳቸው።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥም እንዳይጨስ ከልክሏል። በሰው መኖሪያ ቤት ግን ዳኛው ያው የቤቱ ሽማግሌ ነው። ሱሱን መተው ቢያቅተው እንኳ ከቤት ወጥቶ፣ ከልጆችና ከነፍሰ ጡር ሴት ርቆ ይጠጣ። ሕፃን የሚተነፍሰውን አየር መምረጥ አይችልምና፣ የሚመርጥለት ታላቁ ነው።