በአሮጌ አውቶሞቢል የፊት መብራት ሳይጠፋ እንዳያድር

ዕቃ ለማድረስ በማለዳ የተነሣ ነጋዴ አውቶሞቢሉ አልነሣ ሲለው የሚደርስበት ኪሣራ ቀላል አይደለም። የዚህም አንዱ ምክንያት ሳይጠፋ ያደረ የፊት መብራት ነው።

በብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎች የመብራቱ ማብሪያ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው ስለሚቀበል፣ የሞተሩ ቁልፍ ቢወጣም መብራቱ አይጠፋም፤ እንደ ዛሬዎቹም የሚያስጠነቅቅ ድምፅ የላቸውም።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከት። ከ1966 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ቮልስዋገኖች አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ናቸው። እያንዳንዳቸው 45 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች በ6 ቮልት 15 አምፔር ስለሚስቡ፣ 66 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይወርዳል። እንዲህ ደጋግሞ የወረደ ባትሪም በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጠጥር ዕድሜው ያጥራል።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ከኋላ መብራት ሽቦና ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ሽቦ መካከል የሚገጠም አነስተኛ ደወል ነው፤ ቁልፉ ተዘግቶ መብራቱ ከበራ ይጮኻል። መብራቱ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት እንዳይጮኽ ዳዮድ ይጨመርበታል። ሁለተኛው በቁልፉ የሚታዘዝ ሪሌ ነው፤ ቁልፉ ሲዘጋ የፊት መብራቱን ራሱ ያጠፋል። ለሁለቱም ፊውዝ ያስፈልጋል።

ለ12 ቮልት የተሠራ ሪሌ በ6 ቮልት በሚገባ ስለማይሠራ፣ አስመጪዎች ሁለቱንም ዓይነት ለይተው ቢያስመጡ ይጠቀማሉ። ባለሱቆችም ከመሸጣቸው በፊት የአውቶሞቢሉን ቮልትና ከአካሉ ጋር የተያያዘው የባትሪ ጫፍ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን ይጠይቁ። እንዲህ ከሆነ ደንበኛው ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም፤ ሱቁም የተመለሰ ዕቃ አይከማችበትም።