እንግሊዝኛን በጆሮ ማንበብ

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ተማሪ፣ ያንኑ ምዕራፍ ሌላ ሰው ሲያነብለት ግማሹ ሊያመልጠው ይችላል። ችግሩ ሁልጊዜ የቃላት እጥረት አይደለም። አማርኛ በአብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል፤ እንግሊዝኛ ግን ከወረቀት ወደ አፍ ሲሻገር መልኩን ይለውጣል። «ዲድ ዩ» ተጣብቆ «ዲጁ» ይሆናል፤ «ኤንድ» ተሸራርፎ «እን» ብቻ ይቀራል። ተናጋሪው ዋና ዋናዎቹን ቃላት አጉልቶ ትንንሾቹን ስለሚውጣቸው፣ ዓይን የለመደው ቃል በጆሮ በኩል ሳይታወቅ ያልፋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚረዱት አንዱ ኦዲዮ ቡክ፣ ማለትም በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ ነው። ትረካ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም ይደመጣል። በአሜሪካና በብሪታኒያ የድምፅ መጻሕፍት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መዘጋጀት የጀመሩት ለዓይነ ስውራን ነበር። ያኔ አንድ ልቦለድ በርካታ ሸክላ ይፈጅ ነበር፤ አሁን በእጅ ስልክ ይደመጣል።

በነጻ ከሚገኙት መካከል ሊብሪቮክስ የተባለው ድረ ገጽ ይጠቀሳል። ሂዩ መግዋየር የተባለ ካናዳዊ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል ላይ ጀመረው። የቅጂ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች ያነቡበታል። አንዱን መጽሐፍ የተለያዩ ሰዎች በየምዕራፉ ሊካፈሉት ስለሚችሉ፣ አድማጩ ከልዩ ልዩ ቅላጼ ጋር ይተዋወቃል። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ የንባቡ ጥራት እንደ አንባቢው ነው፣ የቆዩት መጻሕፍት ቋንቋም ጀማሪን ያደክማል። ለጀማሪ የሚሻለው በየደረጃው ተቃልሎ ከነድምፁ የሚታተም የተማሪ መጽሐፍ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው «ስፔሻል ኢንግሊሽ»ም ወደ 1,500 በሚጠጉ ቃላት፣ በዝግታ የሚነበብ ነበር።

አጠቃቀሙ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አጭር ክፍል ይመረጥና መጀመሪያ ጽሑፉ ሳይታይ ይደመጣል፤ ማን፣ የት፣ ምን እንዳደረገ መያዝ ይበቃል። ቀጥሎ ጽሑፉን በዓይን እየተከተሉ መስማት ነው፤ የተዋጡት ቃላት የሚገለጡት እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ጽሑፉን ዘግቶ እንደገና ማድመጥ፣ ከዚያም አንባቢውን እግር በእግር እየተከተሉ አብሮ መናገር ይቻላል። ከጽሑፉ የጀመረ ሰው ግን ጆሮው ሳይሠራ ዓይኑ ይቀድመዋል። ፍጥነቱን ትንሽ መቀነስ መጀመሪያ ላይ ይረዳል፤ ቶሎ ወደ ልኩ ካልተመለሰ ግን ዝግታው ልማድ ይሆናል። ብዙው ክፍል ካልገባ ደግሞ መድገሙ ብቻ አይፈታውም፤ ቀለል ወዳለ መጽሐፍ መውረድ ይሻላል።

ኦዲዮ ቡክ ሁሉን አይሞላም። አንባቢው ከጽሑፍ ያነባል እንጂ አያመነታም፣ የሌላውን ንግግርም አያቋርጥም። ስለዚህ ትረካውን ያለ ጽሑፍ መከታተል የቻለ ተማሪ ሰዎች ወደሚከራከሩበት የሬዲዮ ውይይት ይሻገር፤ በዚያ ሐሳብ ይቋረጣል፣ ድምፅ ይደራረባል፣ የሚከተሉት ገጽም የለም።