የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው

አንድ ምሽት በኩራዝ ብርሃን ፊደል ስናስቆጥር አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ድንገት ከመቀመጫዋ ወደቀች። ዐይኗ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ ተንፈራገጠ፤ ከአፏም አረፋ ወጣ። «አትንኳት፤ ይጋባል!» አለ አንዱ። ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ። የቀሩት ወደ በሩ ሸሹ። እኛም ብንሆን የምናደርገው ጠፍቶን ቆመን ቀረን።

ልጅቱ ጥቂት ቆይታ ነቃች። እናቷ እጅጌዋን ገልጠው ክንዷ ላይ ያለውን ትልቅ ጠባሳ አሳዩን። ካቻምና ቡና ስታፈላ ምድጃው ላይ ወድቃ ነው። «ሰው ነበረ እኮ፤ ግን ፈርቶ ቶሎ አላነሳልኝም» አሉን። ነገሩ ከነከነን። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደን ጠየቅን። የተማርነውን እነሆ ለእናንተ ጻፍን።

በሽታው ምንድን ነው?

አንጎላችን ለአካላችን ሁሉ ትእዛዝ ይልካል። እጃችን የሚይዘው፣ እግራችን የሚራመደው በዚህ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም የሚተላለፈው በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ገበያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢጮህ ማን ማንን ይሰማል? የሚጥል በሽታም እንዲሁ ነው። በአንጎል ውስጥ ትእዛዙ ባንድ ጊዜ ሲደበላለቅ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይወድቅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ፈዝዞ ይቀራል።

መነሻው ብዙ ነው። ምጥ ሲጠና የሕፃኑ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላትን መመታትም ያመጡታል። በዘር የሚመጣም አለ። መነሻው ሳይታወቅ የሚቀርበት ሰውም ብዙ ነው።

አረፋው ምራቅ ነው። ቢነኩት አይጋባም። ከታመመው ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ አንድ መደብ ላይ መተኛት በሽታውን አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ገጠር የተደረገ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አሳይቷል። እንግዲያው በእናንተም ቀበሌ አይታጣም። ምናልባት ሰው እንዳያየው ጓዳ ተደብቆ ይሆናል።

ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

አንሽሽ። እሳት፣ ድንጋይና ስለት ካጠገቡ እናርቅ። ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ነጠላ እናድርግለት። አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ እናላላ። መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ እናስተኛው፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ትንፋሹም አይታፈንም። እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ እንቀመጥ።

እጅና እግሩን ጨምድደን አንያዝ። በጥርሱ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት አናስገባ፤ ጥርስ ይሰብራል። ሳይነቃ ውኃ አናጠጣው። የክብሪት ጢስም አያነቃውም። ሰውየው የሚነቃው በራሱ ጊዜ ነው፤ ክብሪቱ ግን ፊቱን ያቃጥላል። መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጀመረው፣ በቃሬዛም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ኪኒኑና ጠበሉ

ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ፌኖባርቢታል ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ቢታከሙ ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

ነገር ግን ኪኒኑ በየቀኑ መዋጥ አለበት። አረም አንድ ቀን ነቅለን ብንተወው ተመልሶ ይበቅል የለም እንዴ? ይህም እንደዚያው ነው። ሰውየው ሳይወድቅ ቢያንስ 2 ዓመት ከቆየ በኋላ ይቁም አይቁም የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ባንድ ጊዜ ቢያቋርጡት በሽታው ብሶ ይመለሳል፤ እስከ ሞትም ያደርሳል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴትም ሐኪም ታማክር እንጂ በራሷ አታቁም።

የዚያች ልጅ ነገር እንዲህ ነበር። ኪኒን ጀምራ ተሽሏት ነበር። ኋላ ሁለት ወር ጠበል ስትከርም ኪኒኑ ቤት ቀረ። እናቷ «ሁለቱ አይስማሙም መስሎኝ» አሉን።

ወገኖቻችን፣ ጠበሉን ተዉ አላልንም። ጸሎት ልብን ያጽናናል፤ ብርታትም ይሰጣል። እኛ የምንለው ኪኒኑ አብሮ ይሂድ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ፌኖባርቢታልም ብዙ ጊዜ ማታ ሲተኙ ስለሚዋጥ ጾም አያስፈታም። ጠበል ስትሄዱ የምትቆዩበትን ቀን ቆጥራችሁ በቂ ኪኒን ያዙ። የታመመውንም ውኃ ውስጥ ብቻውን አትተዉት። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር ግን አታጠጡት፤ በአፍንጫውም አታድርጉበት።

ሌላም የሚረዳ ነገር አለ። በሽተኛው በቂ እንቅልፍ ይተኛ፤ በሰዓቱ ይብላ፤ ከአረቄና ከጠላ ይራቅ። ምድጃው ዙሪያውን በጭቃ ከፍ ተደርጎ ይከለል። ወንዝ ብቻውን አይውረድ፤ ዛፍ ላይ አይውጣ። ከዚህ በቀር ይማር፣ ይሥራ፣ ትዳር ይያዝ። ሰው ነውና።

ልጅቱ ኪኒኗን ከጀመረች አራት ወር ሆናት። እስካሁን የወደቀችው አንዴ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ማንም አልሸሸም፤ ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ነጠላዋን አጥፋ ከራሷ ሥር አደረገችላት።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በቤታችሁ የሚወድቅ ሰው ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። ይህንንም ያነበበ ላላነበበው ያንብብለት።