ወለሉ ለእንግዳ፣ ጓዳውስ ለማን?

እስቲ ዛሬ ስለ ወለል እናውራ። አትሳቁ! «እግር የሚረግጠው ነገር ምን ወሬ አለው?» የምትሉ ካላችሁ፣ የጥንት ሮማውያን ቤት ገብታችሁ ጎንበስ በሉ።

ፖምፔይ የተባለችውን የጣሊያን ከተማ በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በአመድ ቀበራት። ከተማዋ ጠፋች፤ የሞዛይክ ወለሎቿ ግን ተረፉ። በአንዱ ቤት መግቢያ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ጥርሱን አግጧል፤ ከሥሩም «ከውሻ ተጠንቀቅ» ይላል። ሌላው አባወራ «ትርፍ ሆይ፣ ሰላም ላንተ!» ብሎ ለገንዘብ እጅ ነስቷል። ስካውረስ የሚባለው የዓሣ ስጎ ነጋዴ ደግሞ ማሰሮዎቹን እስከነጽሑፋቸው ወለሉ ላይ አስሠርቷል። ማስታወቂያ በገዛ ቤት! ሰውየው እኮ ቀላል አልነበረም።

ሥራው ግን ልፋት ነው። ከሥር ድንጋይ ይደለደላል፣ በላዩ ኖራና ጠጠር፣ ቀጥሎ ከደቀቀ ሸክላ ጋር የተቦካ ኖራ። ከዚያ አራት ማዕዘን ሆነው የተፈለጡ ደቃቅ ድንጋዮች አንድ በአንድ ይተከላሉ። እዚያው ፖምፔይ የተገኘው የታላቁ እስክንድርና የዳርዮስ ውጊያ ሥዕል ብቻውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ጠጠር ፈጅቷል።

እኔን የገረመኝ የግብዣ ክፍላቸው ነው። ሀብታም ሮማውያን በግብዣ ላይ የሚበሉት በጎናቸው ጋደም ብለው ነው፤ አልጋዎቹ በሦስት በኩል ግድግዳውን ይይዛሉ። ታዲያ በብዙ ቤት ያማረው ሥዕል የተነጠፈው እንግዳው በሚያየው መሃል ላይ ነው። አልጋ የሚሸፍነው ዳር ዳሩ ተራ ነው። ማድቤቱማ አይነሣ! ለማይታይ ቦታ ማን ገንዘብ ያወጣል?

ቀልደኞችም ነበሩ። ሮም ውስጥ በ1833 የተገኘና ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ያለ አንድ ወለል ያልተጠረገ ይመስላል፦ የዓሣ አጥንት፣ የዶሮ እግር፣ ልጣጭ፣ ለውዝ የምትቆረጥም አይጥ ሳትቀር። ሁሉም ድንጋይ ነው። እናቴ ብታየው መጥረጊያ ታነሣለች።

የማውቃቸው አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ሳሎናቸው ምንጣፍ በምንጣፍ፣ መኝታ ቤታቸው ባዶ ሊሾ። ሚስት «እንግዳ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ እኔ ግን በየጠዋቱ ብርድ እረግጣለሁ» እያለች ታኮርፋለች። እኔ ከሚስትየው ጋር ነኝ። ያኔ በሮማውያኑ ጓዳ ስትማስን የምትውለዋን ባሪያ የሚጠይቃት ቢኖር ኖሮ እሷም ሌላ የምትል አይመስለኝም።

አንጣፊውስ? ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የዋጋና የደመወዝ ጣሪያ፣ ሥዕል ሠዓሊ በቀን እስከ 150 ዲናር ከነምግቡ ሲፈቀድለት፣ ተንበርክኮ ወለል ለሚያነጥፈው የተፈቀደው 50 ነው፤ ከዳቦ ጋጋሪ እኩል። የአብዛኞቹን ስም ማንም አያውቅም። የዚያ «ያልተጠረገ» ወለል ሠሪ ግን «ሄራክሊተስ ሠራው» ብሎ ስሙን እዚያው በጠጠር ተክሎታል።