በመከራ ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ ስለሚነሣ ቍጣና ጥርጥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚኖር፥ ነገር ግን ለንስሐ አባቱ እንኳ ለመናገር የሚያፍርበት ጉዳይ ነው። ይኸውም በመከራ ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ የሚነሣው ቍጣ፥ ከቍጣውም ጋር ተያይዞ የሚመጣው ጥርጥር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከንስሐ ልጆቼ አንዲቱ፥ ባልዋ ቀደም ብሎ የሞተባት ሴት፥ ያላትን አንድ ልጅ በሕመም አጣች። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ልጠይቃት ወደ ቤትዋ ሄድሁ። ዐይንዋን ከመሬት ሳታነሣ፥ «አባ፥ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም፤ እኔና እግዚአብሔር ተጣልተናል» አለችኝ። እኔም ደንግጬ፥ «ልጄ፥ እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም፤ ይህ ክሕደት ነው፤ ንስሐ ግቢበት» ብዬ ገሠጽኋት። ምንም አልመለሰችልኝም። ከዚያም ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ በቅዳሴ ላይ አላየኋትም።

ነገሩ ስለ ከበደኝ ዳዊት ላስተማሩኝ አረጋዊ መምህር ነገርኋቸው። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ከማን ጋር ተጣላሁ አለችህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ከእግዚአብሔር ጋር» አልኋቸው። «እንግዲያማ አለ ብላ ታምናለች፤ ከሌለ ጋር ማን ይጣላል? አንተ ግን በሩን ዘጋህባት። ሂድ፥ ኢዮብን እንደ ገና ተመልከተው» አሉኝ።

እኔም መጽሐፈ ኢዮብን ለስብከት ሳይሆን ለራሴ እንደ ገና አነበብሁት። ብዙዎቻችን ኢዮብን የምናውቀው በትዕግሥቱ ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ 42 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን፥ እኛ አዘውትረን የምንናገረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። መከራው የተጀመረው በበሬዎቹ ነበር፤ 500 ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ተዘረፈበት። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በአገራችን ላይ የወረደውን፥ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ዘመን የሰማ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል፤ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶት እርሻው ጦም ባደረ ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል ረግፏልና። ከበሬዎቹ ቀጥሎ በጎቹና ግመሎቹ፥ በመጨረሻም ሰባቱ ወንዶችና ሦስቱ ሴቶች ልጆቹ አለቁ። (ሚስቱ በ2ኛው ምዕራፍ የተናገረችው ክፉ ቃል ነው፤ ሆኖም እርስዋም ዐሥር ልጆች የቀበረች እናት ነበረችና በችኰላ አንፍረድባት።)

ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። እግዚአብሔርን ፊት ለፊት እንዲሟገተው ይለምናል፤ ለምን እንደ ጠላት እንደ ቈጠረውም ይጠይቀዋል። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ሊያጽናኑት ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። የእኛም አገር ለቅሶ ደራሽ የሚያውቀው ይህ ዝምታ ከሥራቸው ሁሉ የበለጠው ነበር። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን፥ ያለ ኀጢአት መከራ አይመጣም፥ ኀጢአትህን ፈልግ እያሉ ቍስሉን ነኩበት። እኔም በዚያች ሴት ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ሦስቱ ወዳጆች ስለ እግዚአብሔር ብዙ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ወደ እግዚአብሔር አንድ ቃል አይናገርም። ኢዮብ ግን በንግግሩ መካከል ደጋግሞ ፊቱን ከወዳጆቹ መልሶ እርሱን ራሱን ያነጋግራል። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቈጣው በማን ላይ ነው? እንደ ባሪያው እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩምና በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ላይ ነው። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፥ እርሱም እንዲጸልይላቸው አዘዘ።

ይህ ማለት ኢዮብ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገረው፥ ኢዮብ በአፈርና በአመድ ላይ ሆኖ ቃሉን መልሶአል። ነገር ግን ጩኸቱ ክሕደት ሆኖ አልተቈጠረበትም። የመከራውንም ምክንያት አልተነገረውም። በሰይጣን በኩል የሆነውን እኛ አንባቢዎቹ ከ1ኛው ምዕራፍ እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን እንዳወቀው መጽሐፉ አይናገርም። «ለምን?» ብሎ ለጠየቀው ምክንያት ሳይሆን እግዚአብሔር ራሱ መጣለት።

ከዚህ በኋላ በልጅነቴ በቃሌ የያዝሁትን ዳዊት በሌላ ዐይን አየሁት። አባቶቻችን 150ውን መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ሲያከፋፍሉ ለሐሙስ ከ81 እስከ 110 ያለውን ሰጡ። በዚያ መካከል 87ኛው መዝሙር አለ። ብዙዎቹ የኀዘን መዝሙሮች በልቅሶ ጀምረው በምስጋና ይፈጸማሉ፤ ይህ ግን በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር አላወጣችውም፤ በየሳምንቱ እንዲጸለይ አደረገች እንጂ። የሰኞው 21ኛው መዝሙርም ተጣልሁ በሚል ጩኸት ይጀምራል፤ ይህንም ጩኸት ጌታችን በዘጠኝ ሰዓት በመስቀል ላይ ሳለ በራሱ ቃል አሰማው። መምህራኖቻችን ስለ አዳምና ስለ ልጆቹ ተገብቶ የጮኸው ነው ብለው ያስተምራሉ።

እንግዲህ አደጋው በእግዚአብሔር ፊት መጮኽ አይደለም፤ አደጋው ጀርባ ሰጥቶ መሄድ፥ በልብ ቂም ይዞ በአፍ ግን «ተመስገን» እያሉ መኖር ነው። የተደበቀ ቂም ሲውል ሲያድር ጸሎትን ያቀዘቅዛል፤ ጥርጥርም የሚገባው በዚህ በር ነው። ስለዚህ የተቈጣ ሰው ቍጣውን ሳያስጌጥ፥ በገዛ ቋንቋው ለእግዚአብሔር ይንገረው።

ደግሞ ቍጣና ተስፋ መቍረጥ ሁሉ ከሃይማኖት ጕድለት ብቻ የሚመጣ አይምሰለን። ኤልያስ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጐቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ በኮሬብ ነው፤ ብቻዬን ቀረሁ ላለውም 7,000 ሰዎች እንደ ቀሩ ነገረው። ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኛ፥ እህል ሳይቀምስ የሚያዝን ሰው ቢኖርባችሁ፥ ከምክራችሁ በፊት እህል ውኃ አቅምሱት።

ጥርጥር ለያዘው ሰው ደግሞ ቶማስን አስታውሰዋለሁ። አላምንም ብሎ ሳለ ከወንድሞቹ አልተለየም፤ በስምንተኛው ቀን ጌታ ሲመጣ በመካከላቸው ተገኘ። ይህንንም በዳግም ትንሣኤ እናስበዋለን። የሚጠራጠር ሰው ጥርጥሩን ይዞ ከማኅበሩ ጋር ቢቆም ይሻለዋል።

ወደዚያች ሴት ቤት ሁለተኛ በሄድሁ ጊዜ ቡና አፈላች። እስከ በረካው ድረስ ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል አልተናገርሁም። ከዚያ በኋላ፥ «ልጄ፥ ያን ቀን የተናገርሁሽን ይቅር በዪኝ» አልኋት፤ 87ኛውንም መዝሙር በአማርኛ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፥ «አባ፥ ይህም ከዳዊት ነው?» አለችኝ። «አዎን፤ የሐሙስ ነው» አልኋት። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ በገጹ መካከል ክር አኖረችበት። ትቼላት ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በቅዳሴ ሰዓት ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ አየኋት። ምንም አልጠየቅኋትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።