የአባታችን ብሩሽ

ፀጉር አስተካካይ የነበሩት አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሳሙና አረፋ የሚቀቡበት ብሩሽ ሰሞኑን ከእጀታው ተነቀለ። ቤተሰቡ «አዲስ ይገዛ» አለ። ነገር ግን በገበያ ከአሳማ ፀጉር የሚሠሩም አሉ፤ የእርሳቸው የፈረስ ፀጉር መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ መጠገኑን መረጥን።

በመጀመሪያ ፀጉሩ እንዳይበተን በክር አሰርነው። በእጀታው ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን አሮጌ ማጣበቂያ በቢላ ጫፍ ፍቀን አወጣን፤ ሁለቱንም በደንብ አደረቅን። ከዚያም ከሁለት ቱቦ የሚደባለቀውን ኤፖክሲ በጥቂቱ ቀብተን ፀጉሩን መለስንና ለ24 ሰዓት አቆምነው።

ማጣበቂያውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያላቅቀው ሥሩ ላይ የሚቀር ውሃ ነው። ከተጠቀምን በኋላ አራግፈን፣ ፀጉሩን ወደ ታች አድርገን እንስቀለው።

አባታችን በሐላል ያሳደጉን በዚህ ብሩሽ ነው። መጣሉ ኢስራፍ፣ መጠበቁ አደራ ነው።